የእህቴ አረንጓዴ ሰዓት

ዛሬ ጠዋት መካነ ሰላም መናኸሪያ ከሚኒባስ ስወርድ ታናሽ እህቴ ሻንጣዬን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ያ ሰዓት አሁንም እጇ ላይ ነው፤ ቁጥር የለው፣ ፊቱ አረንጓዴ ድንጋይ፣ እንደ ክረምት መስክ ዥንጉርጉር።

ሰዓቱ ቤታችን ሲመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የእህቴ ክርስትና እናት እትዬ ዘውዴ ከዱባይ ተመልሰው ሊጠይቁን መጡ፤ ሽቷቸው ቤቱን ሞላው። ማዳማቸው የሰጠቻቸውን ሰዓት ከመሐረብ ፈትተው በእህቴ ቀጭን እጅ ላይ አሰሩት።

"የክርስትና ልጄ ናት፤ ለሷ ነው የሚገባው" አሉ።

የእኔ ክርስትና እናት በከላላ ከተማ ገበያ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ለፋሲካ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ይልኩልኛል።

ጓሮ ገብቼ ሳለቅስ አባባ ከእርሻ ሲመለሱ አገኙኝ።

"ለድንጋይ ነው የምታለቅሺው? ነገ ማሳ ነይ፤ እስክትጠግቢ ታፍሻለሽ" አሉኝ።

እውነት መስሎኝ ሄድኩ። ከማሳው እየለቀሙ የከመሩትን ድንጋይ ሁሉ ስገለብጥ ዋልኩ። አንድም አረንጓዴ አልነበረም።

አሁን ፊታቸው ድንጋይ የሆነ ሰባት ሰዓቶች አሉኝ። ለነሱ ስል ስንት ነገር ቀርቶብኛል። ዛሬ ውዱን፣ ሰማያዊውን፣ አድርጌ የመጣሁት እሷ እንድታየው ነው።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አልኳት፣ የእኔን እያሳየሁ።

"ይሄ እኮ ከቆመ ቆየ" አለች እየሳቀች። "እትዬ ዘውዴን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዳልረሳቸው ነው የማስረው።"

እጅጌዬን ስቤ ሰማያዊውን ሸፈንኩት።