ገና በሃያ ስምንት

ነገሩ የሆነው በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ባለቤቴ ታደለ ካረፈ ወዲህ ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፤ የትናንት ምሳዬን እንኳ ቢጠይቁኝ አላውቅም። ይህ ግን ይመላለስብኛል። እጄም ልቤም እንደ ድሮው አይፈጥንምና ቀስ እያልኩ ልጻፈው።

ታደለ የመንግሥት ሥራውን ለቆ ጎፋ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ጸሐፊዎች ደብዳቤ ላይ ቀን ለመጻፍ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካላንደር ቀና ይላሉ። ታደለም በአንድ ፍሎፒ የምትያዝ፣ የእኛን ቀንና በዓላት በስክሪኑ ጥግ የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ።

ችግሩ፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ዘሪሁን የሚባል ሰውም ያንኑ ሠርቷል። ሁለቱ በዓይን ብቻ እየተዋወቁ ተያያዙት። ዘሪሁን አጽዋማትን ሲጨምር፣ ታደለ የየዕለቱን ታቦት ጨመረ። ዘሪሁን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሲያደርግ፣ ታደለ ለመስከረም አንድ በስክሪኑ ላይ አደይ አበባ በተነ። ያቺን አበባ ቢጫ ለማድረግ ምን ያህል እንደደከመ እኔ ነኝ የማውቀው። «ሎሚ ሆነ፣ ደግሞ ሎሚ ሆነ» እያለ ይበሳጭ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ሊገዛ አሰበና «ሐሙስ መጥታችሁ አሳዩን» አላቸው። ይህ ካልተሳካ ታደለ ክፍሏን ለቆ የድሮ አለቃውን ደጅ ሊጠና ነው። ያንን ከሚያደርግ ሞቱን ይመርጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት «አስካለ፣ አንቺን አያውቅሽም» አለኝ። «ሂጂና የሱን ገዝተሽልኝ ነይ። እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ሁኚ። ብቻ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ያውቃል ወይ ብለሽ ጠይቂው።»

ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ ሄድኩ። ዘሪሁን ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው ነበር። በትሕትና አስቀመጠኝና ፕሮግራሙን ከፍቶ አሳየኝ። ያጠናሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«እህቴ፣ ስለ ጳጉሜን የሚጠይቅ ገበያተኛ አይቼ አላውቅም። የታደለ ባለቤት ነዎት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ኧረ አይፈሩ!» አለኝ። «እኔም የናንተን አስገዝቻለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጡት ትልቅ ሴት አክስቴ ናቸው።»

ትዝ አለኝ። ታደለ «እኚህ እናት ኮምፒዩተር ምን ያደርግላቸዋል?» እያለ ሲገረም ነበር የሰነበተው።

ዘሪሁን ፍሎፒውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዋጋውን ብለምነው አልቀበልም አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና «ለታደለ አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አለ። «ጳጉሜንን አሳምሮ ሠርቷታል። ገናን ግን በየዓመቱ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ላይ ነው የተከላት። ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ሆና ስላለፈች ገና በሃያ ስምንት ይውላል። ከሐሙስ በፊት ያስተካክል።»

«ለምን ይነግሩናል?» አልኩት።

«የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ሐሙስ ይህንን ቢያይ፣ ኮምፒዩተር የእኛን በዓል አያውቅም ብሎ ሁለታችንንም ነው የሚያባርረን።» «ደግሞ በገና ሰው መጣል ደስ አይልም» አለኝ።

ታደለ ስነግረው ከወንበሩ ተነሣ።

«ሊሸውደኝ ነው! አንቺም አመንሽው? ልደት ሃያ ዘጠኝ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል!»

እኔም መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር። በታክሲ ስመለስ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር።

«ሽማግሌ የላክብኝ የገና ማግስት አይደል?» አልኩት።

«እና?»

«ቀኑ ስንት ነበር?»

ያቺን ቀን በየዓመቱ እናስባት ስለነበር አልጠፋውም። «ሃያ ዘጠ...» ብሎ ቆመ። ሽማግሌ የላከው ከዚያ አራት ዓመት በፊት፣ በሌላኛው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ማግስቱ ሃያ ዘጠኝ ከሆነ፣ ገና ሃያ ስምንት ላይ ነበረ ማለት ነው።

ቁጭ አለ። «ወይኔ ታደለ! የራሴን ሽማግሌ ረስቼ!» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያን ዕለቱን አስተካከለው።

ሐሙስ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ገና ሳይቀመጡ «እስቲ የዘንድሮን ገና አሳዩኝ» አሉ አሉ። የሁለቱም ሃያ ስምንት አለ። የቀረውን የወሰኑት ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ አደይ አበባው ሲበተን «ይሄ ይሁን!» ብለው ተንጫጩ። ታደለ አሸነፈ። ዘሪሁን ደረጃው ላይ ጠብቆት «እኔን በአበባ!» ብሎ ትከሻውን መታው። ምሳ አብረው በሉ፤ ከዚያ ወዲያ ተለያይተው አያውቁም።

ፕሮግራሞቹ ብዙ አልቆዩም። ኮምፒዩተሩ ተለወጠ፣ ፍሎፒውም ቀረ፤ አሁን ስልኩ ሁሉ የእኛን ቀን ያውቃል። አንድ ነገር ግን አልቀረም ነበር። ዘመነ ዮሐንስ በመጣ ቁጥር፣ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ጠዋት ዘሪሁን ይደውላል። «ታደለ፣ ገና ዛሬ ነው!» ይላል። ታደለም «አስተካክለናል ጌታዬ!» ብሎ ይዘጋበታል። ሌላ ነገር አይነጋገሩም፤ እኔም ከጓዳ ሆኜ እስቃለሁ።

ታደለ ያረፈው በክረምት ነው። መስከረም ሲጠባ ዘመኑ ዮሐንስ ሆነ። ገና ሲደርስ ዶሮ እንኳ አልገዛሁም። ሃያ ስምንት ቀን ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ማን እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ላንሣው አላንሣው ስል ሊቆም ደረሰ።

አነሣሁት። ዘሪሁን ነው። ሲተነፍስ ብቻ ይሰማኛል። ቆይቶ፣ «አስካለ... ገና ዛሬ ነው» አለ።

«አስተካክለናል ጌታዬ» አልኩት።

እንደ ታደለ ልዘጋበት አልቻልኩም። ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅን። በኋላ ነጠላዬን ለበስኩና ዶሮ ልገዛ ወጣሁ።