መብራት በጠፋበት ቀን የሰቀልኩት መብራት

የገና ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... መሰላል ጫፍ ላይ ቆሜ፣ አራት ምስማር በጥርሴ ነክሼ፣ ቤቴን ሳስጌጥ ነበር።

እኔ እንዲህ ነኝ። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እኔ፣ የበር ማጠፊያ ሲላላ እኔ። ሰው ቀጥሬ ማሠራት አልወድም። ባለቤቴ ሰናይት «ኧረ ኤሌክትሪሺያን ጥራ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» ስትለኝ ሳቅኩባት። «ሦስት ቪዲዮ አይቻለሁ» አልኳት። ሦስት ቪዲዮ!

መብራቱ በጣሪያ ጠርዝ ዙሪያ አንዴ ከተሰቀለ በኋላ የማይወርደው ዓይነት ነው። ቀለሙን በስልክ ትቀይረዋለህ። ለገና ቀይ፣ ለእንቁጣጣሽ ቢጫ... ከአጠገባችን ሱቅ ያለው ሸምሱ ከታች ሆኖ «ለኢድ አረንጓዴ ካላደረግክልኝ ጉርብትናችን እዚህ ላይ አበቃ!» እያለ ያሾፍብኛል።

አቃቂን ታውቋታላችሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። እኔ ደግሞ ጭራሽ ደስ አለኝ። መብራት በሌለበት ሠርቼ ልጨርስ፣ ምን ይይዘኛል ብዬ። ገመዱን ከኩሽና አውጥቼ፣ በጓሮ በኩል ከቆርቆሮው ስር እያሳለፍኩ በምስማር መታሁት። ከዚያ ሶኬቱን ሰካሁት። መብራት ሲመጣ ራሱ ቦግ ይበል፣ ሰፈሩ ይደነቅ ብዬ ነው።

ጓሮ ውስጥ ብርቄ ልብስ ታጥባለች። ብርቄ ተከራያችን ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቂሊንጦ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ሦስት ዓመት አብራን ስትኖር ለብቻዋ የበላችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያን ቀን ውሃ የመጣው ከሰዓት በኋላ ስለነበር የእሷንም የእኛንም ቀላቅላ ስታጥብ መሸባት። የልብስ ማስጫው ሽቦ አንዱ ጫፉ አጥሩ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ነው የታሰረው። በየግቢው እንደዚያው ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ሥራዬን ጨርሼ፣ ከበር ውጭ ቆሜ ከሸምሱ ጋር ሳወራ... መብራት መጣ።

የሰፈሩ ልጆች «መጣአአአ!» ብለው አቀለጡት። ቤቴ ዙሪያውን በራ። ቀይ፣ ከዚያ ነጭ፣ እንደገና ቀይ... ወይ ጉድ፣ እንዴት ያምራል! ሸምሱ አጨበጨበ። «አንተ! ቤተ መንግሥት አስመሰልከው እኮ!» አለኝ። እኔም ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ።

ቪዲዮው ላይ ሁሉም ይሰማል። የእኔ ሳቅ፣ የልጆቹ ጩኸት... ከዚያ የሰናይት ድምፅ ከጓሮ። «ብርቄ! ምን ሆነሽ ነው? ብርቄ!»

ሮጬ ስገባ ብርቄ ሽቦውን በቀኝ እጇ ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። እርጥብ አንሶላ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ባዶ እግሯን ውሃ ላይ ቆማለች። ድምፅ የላትም። ሰናይት ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ «አትንኪያት!» ብዬ ጮህኩና ወደ ቆጣሪው በረርኩ። ሳጠፋው ብርቄ እንደ ጆንያ ዘፍ አለች።

በሸምሱ መኪና ሆስፒታል አደረስናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሷ ተረፈች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን አልዳኑም፣ ተቆረጡ። በዚያ እጅ ነበር ልብስ ስትሰፋ የምትውለው።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ገናን ሲያከብር እኔ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አንዷ ምስማር ገመዱን በስታው ቆርቆሮው ውስጥ ገብታለች። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ የልብስ ማስጫው ሽቦ አለ። አየሁና ወረድኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሰፈሩ በሙሉ «መብራቱ በኃይል መጥቶ ነው፤ እሱ ባይደርስላት አልቆላት ነበር» ይላል። ጀግና ሆንኩላችሁ! ሰው ሲመርቀኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን እናቷ ከገጠር መጡ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አፈፍ አድርጌ ያዝኳቸው። እጄን ይዘው እያለቀሱ «ልጄን ከሞት ያወጣሃት አንተ ነህ፤ እግዜር ልጆችህን ያሳድግልህ» አሉኝ። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እናቴ... ለዚህ ያበቃኋት እኔው ነኝ» አልኳቸው። ምስማሩንም፣ ሽቦውንም፣ ሰናይት ያለችኝንም፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

እጄን ለቀቁት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ «ለእሷ እንዳትነግራት» አሉኝ። «‹ጋሼ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ፣ እሳቸው ናቸው ያተረፉኝ› እያለች ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ታወራለች። ጣቶቿስ ሄዱ። ይሄንን ደግሞ አትውሰድባት።»

ብርቄ ከሆስፒታል ስትወጣ ከእናቷ ጋር አገሯ ገባች። መብራቱን ነቃቅዬ ጣልኩት።

ትናንት ለፋሲካ ደወለች። በግራ እጇ መርፌ መያዝ እየለመደች እንደሆነ ነገረችኝ።

«እንኳን አደረሳችሁ ጋሼ! ያ መብራት ለፋሲካም በራ?» አለችኝ።

«ተበላሽቷል» አልኳት።

«ውይ! እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳን ሳላየው ቀረሁ...»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሰናይት ፊት አለቀስኩ። እህህ ብሎ የሚወጣ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ስሟን ቀይሬዋለሁ... ከመሃላችሁ የሚያውቃት ካለ ግን፣ አደራ።