ለጨጓራ ግጥም ያነበቡት ጎረቤታችን

ትናንት ማታ ጎረቤታችን ሚስተር ዱንካን እኛ ቤት፣ እራት ጠረጴዛው ፊት ቆመው፣ ቢላ ይዘው፣ ለአንድ የተቀቀለ የበግ ጨጓራ ግጥም አነበቡለት።

አላበዱም። የስኮትላንድ ሰው ናቸው። በዓመት አንድ ቀን፣ በታላቁ ገጣሚያቸው ልደት፣ ግጥም እያነበቡ እራት የሚበሉበት ባህል አላቸው። የክብር ምግቡ ሃጊስ ይባላል... የበግ ጉበትና ልብ ከአጃ ጋር ተከትፎ፣ ጨጓራው ውስጥ ተሞልቶ ይቀቀላል። ከመበላቱ በፊት ለምግቡ ግጥም ይነበብለታል፤ ግጥሙ መሀል ላይ ሲደርስ አንባቢው በቢላ ይተረትረዋል።

ለእናቴ ይህን ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው። «ዱለት ሰፍተው ቀቀሉ በለኛ!»

ይህ እራት እንዴት እኛ ቤት እንደመጣ ልንገራችሁ። የምንኖረው ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ ነው፤ የሚስተር ዱንካን በር ከእኛ አፓርታማ በር ፊት ለፊት ነው። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። መስከረም ላይ ሚስታቸው ሞቱባቸው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ምስር ወጥ በድስት ይዛ፣ እኔን አስተርጓሚ አድርጋ ለቅሶ ደረሰች። ሰውየው በሩን ከፈቱልን፣ አመሰገኑ፣ ሻይ አፈሉልን፣ ስለ ቴክሳስ ሙቀት አወሩን። በቃ።

እናቴ ቤት ስትገባ ፊቷ ተለዋውጧል። «አንዲት ዘለላ እንባ የለም እኮ! የታፈነ ሐዘን ሰው ይጥላል» አለች። ባህላቸው ነው ብላትም አልሰማችኝም። ከዚያ ወዲህ በመስኮት ስትከታተላቸው ነው የከረመችው። ከሱ... ሱሪያቸው ሰፋቸው... ዛሬም ከቤት አልወጡም... አራት ወር ሙሉ የቤታችን ዜና ይኸው ነበር። እውነቷን ነው፣ ሰውየው እየቀለጡ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፓርኪንግ ላይ አገኘኋቸውና ስለዚህ እራት አነሱብኝ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሃጊሱን የሚሠሩት ሚስታቸው ነበሩ። «ዘንድሮ ይቅር» አሉኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

«ይቅር ብሎ ነገር የለም! ጨጓራ ማጠብ ከሆነ እኔ አለሁ።»

ችግሩ፣ ቀኑ ዓርብ ዋለ። እናቴ ጿሚ ናት፤ እኔም እሷ ፊት ጿሚ ነኝ። ወደ ቅዳሜ እናዙረው ብዬ ሚስተር ዱንካንን ብጠይቃቸው፣ ልደት አይዛወርም አሉ። ስለዚህ እናቴ ቀኑን ሙሉ ጨጓራ ስትፈትግና ጉበት ስትከትፍ ዋለች፤ ጨው እንኳ ሳትቀምስ። እኔ ከኢንተርኔት ፕሪንት ያደረግሁትን አሠራር አነብላታለሁ። «ትንሽ ቁንዶ በርበሬ» የሚለው ላይ ስደርስ እጇ ወደ ሚጥሚጣው ሄደ።

«እማዬ፣ ቀስ!»

«አንተ ነህ ዱለት የምታስተምረኝ?»

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚስተር ዱንካን ቀሚስ የሚመስለውን የአገራቸውን ልብስ ለብሰው መጡ። እናቴ ጉልበታቸውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከአርሊንግተን የአክስቴ ልጅ ቤቲም መጣች፤ እዚሁ ያደገች ተማሪ ናት፣ ቤተሰቦቿ ጴንጤ ስለሆኑ ዓርብ አያግዳትም። ምግቡ በሙዚቃ ታጅቦ ነው የሚገባው ሲሉን፣ እናቴ ሳህኑን ይዛ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሚስተር ዱንካን ማንበብ ጀመሩ። የድሮ የአገራቸው ቋንቋ ስለሆነ አንድም ቃል አልገባኝም። መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣ ብሎ ነበር... ቀስ በቀስ ግን ቤቱን ሞላው። ቢላውን ሰነዘሩ፣ ጨጓራው ተተረተረ። አጨበጨብን። አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረሱ።

ማኘካቸውን አቆሙ። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ዓይናቸው ሞላ፣ እንባው በጉንጫቸው ወረደ።

ቤቲ ብድግ አለች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ሚጥሚጣው ነው! ሶ... ውሃ ስጠው! ኖ፣ ማለቴ ወተት፣ ወተት ይሻላል!»

ወደ ፍሪጁ ስሮጥ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተቀመጥ። ሚጥሚጣ አፍንጫ ያስነፍጣል እንጂ ትከሻ አያንቀጠቅጥም።»

ዞሬ አየኋቸው። እውነትም ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው የሚስታቸውን ስም ጠሩ... አንዴ፣ ከዚያ ደጋግመው። እናቴ ወንበሯን አስጠግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አይዞዎት ወንድሜ... ያልቅሱ፣ ይውጣልዎት» ትላቸዋለች በአማርኛ። እሷም ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አብራቸው አለቀሰች። ቤቲ ከፍሪጅ ያወጣችውን ወተት እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሲበቃቸው ወተቱን ጠጡ። ከዚያ ሳህናቸውን ጠርገው በሉ፣ እናቴም የተረፈውን ቋጥራ ሰጠቻቸው።

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሚስተር ዱንካን ናቸው፤ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ዓይናቸው ግን እንዳበጠ ነው። ቀና ብለው ሊያዩን አፍረዋል።

«ስለ ትናንቱ ይቅርታ» አሉ። «ያ ቅመማችሁ... እንደዚያ ያቃጥላል ብዬ አልጠበቅሁም።»

ተረጎምኩላት። እናቴ ያበጠ ዓይናቸውን አየች።

«እውነትዎን ነው በላቸው። ሚጥሚጣውን አብዝቼው ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህን ስነግራቸው ሰውየው ቀና አሉ፣ ፈገግ ብለውም የእናቴን እጅ ጨበጡ።

እናቴን ሠላሳ አራት ዓመት አውቃታለሁ... ምግብ አበላሸሁ ብላ ስታምን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።