ለቅሶ መስሏቸው የመጡት እንግዶች

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ወጣት በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። «እንጅባራ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች ጉባኤ ነው፤ እርስዎም ነበሩበት ይባላል» ይላል ከሥሩ። እርስዎ መባል ከጀመርሁ ሰነባብቻለሁ፣ ግን አሁንም ዘወር ብዬ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ፎቶው ላይ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋና የሚያብረቀርቅ ወረቀት የተለጠፈበት ልብስ ያጠለቀ ሮቦት የሮቦት ጭንቅላቱን አውልቆ በብብቱ ይዞ ቆሟል። ከአጠገቡ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያለቅሳሉ። ኢንተርኔት ላይ ካዩት አንዱ «ምርጥ ድራማ ነበር ማለት ነው» ብሎ ጽፎበታል። ሌላዋ የሴቶቹን ትወና አድንቃለች።

ድራማስ አልነበረም።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ዳንግላ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እሷ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፣ እኔ ሱቅ እጠብቃለሁ ይባላል እንጂ የምጠብቀው መጽሐፌን ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ገጹን ሳልጨርስ ቀና ስለማልል ስንቱን አባርሬያለሁ። ስለ ሌላ ዓለም፣ ስለሚመጣ ዘመን፣ ስለ ጠፈር የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሽፋኑ ይገነጠል፣ መሐሉ ይጉደል፣ ግድ የለኝም። የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ። መጻፍ የጀመርሁትም በዚሁ ሰበብ ነው።

እንጅባራ ደግሞ መምህር ጌትነት የሚባሉ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። የእኔን ቢጤዎች ከጫግኒ፣ ከጥሊሊ፣ ከባሕር ዳርም ሳይቀር ፈላልገው አገኙና «አንድ ቀን ተሰባስበን እንዋል፣ የጻፈ ያንብብ፣ የገጸ ባሕርይ ልብስ የሰፋ ይልበስ» አሉን። ለእኔም እንዳነብ መልእክት ላኩልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ፍርሃቴም እንዲሁ። ምክንያቱም የጻፍሁት ታሪክ ስለ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ ይበልጣል በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ጫግኒ እህል ሲነግድ ቆይቶ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ። አብሮት የነበረ የሰፈራችን ልጅ ከወዲያ ማዶ ደውሎ ጀልባው መስጠሙን ለጎረቤት ተናገረ። በደንቡ መሠረት ሽማግሌዎች ተመርጠው በማለዳ መርዶ ሊነግሩን መጡ። እናቴ በመስኮት አየቻቸው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ጎህ ሳይቀድ ደጅሽ ከቆሙ ለምን እንደመጡ አይጠፋሽም። ብድግ ብላ በሩን ቀረቀረችው።

«ምንም እንዳትነግሩኝ» አለች ከውስጥ ሆና። «ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ቆመው ቆመው ሄዱ። መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ የለም። ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ማወቋን አውቃለሁ። ግን አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ማንም አላለቀሰም። እሷ የእሱን አልጋ በየሳምንቱ ታነጥፋለች፣ እኔ ባለ ቀለም ቀሚሴን ለብሼ እውላለሁ። ለወንድሜ ሳላለቅስለት መክረሜ እንደ በደል ይከነክነኝ ነበር። ስለዚህ ጻፍሁት። በታሪኩ አንድ ሰው ወደ ሩቅ ኮከብ ይሄዳል፣ በዓመት አንዴ መልእክት ይልካል፣ በመጨረሻ መልእክቱ ይቋረጣል፣ ሰውዬውም አይመለስም። ስሙን ቀየርሁት፤ ጠባዩን ግን መቀየር አልሆነልኝም።

ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«እማ፣ ምን ልትሠሪ? ስለ ጠፈር ነው የሚወራው።»

«ስለምንም ይሁን። የት እንደምትውዪ ሳላይ አልለቅሽም።»

ጉድ ፈላ። እሷ ፊት ቆሜ «አልተመለሰም» ብዬ ካነበብሁ በሩ ላይ የተመለሰውን መርዶ እኔው ይዤላት ገባሁ ማለት ነው፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። ስለዚህ በሌላ ወረቀት ሌላ መጨረሻ ጻፍሁ። በዚህኛው ሰውዬው ይመለሳል። መንኮራኩሩም ዘንገና ሐይቅ ዳር ያርፋል። ሁለቱንም ወረቀት ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥሁና የትኛውን እንደማነብ ሳልወስን ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ወሩ ኅዳር ነው፣ ዝናቡ ቆሞ ብርዱ የገባበት። የመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ በሚሉት የከሰል ዛፍ ተሸፍኗል፣ እዚህም እዚያም ከሰል የሚያከስሉ ገበሬዎች ጭስ ይታያል። አዲስ ቅዳም ላይ ስንቆም እናቴ ትኩስ ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው ገዛች። እየላጠች ታቀብለኛለች። እኔ በአንድ እጄ ድንቹን፣ በሌላው ደብተሬን ይዤ፣ መብላቱንም ማሰቡንም አልቻልሁበትም።

እንጅባራ ስንደርስ መምህር ጌትነት ላብ በላብ ሆነው ተቀበሉን። አዳራሹ በድንገት ለሌላ ስብሰባ ተይዞባቸዋል። ሰው ከሩቅ ጠርተው አይመልሱ ነገር፣ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ስለነበሩ የእድሩን ድንኳን ከነአግዳሚው አስወጥተው መንገድ ዳር ካለው ሜዳ ላይ አስተክለዋል። ባለቤታቸው ደግሞ ለአርባ ሰው የሚበቃ ርካሽ ነገር ምን ይሁን ብለው አስበው የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ቀቅለዋል። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ንፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው። አሁን ሳስበው አርባ የተማርን ሰዎች እንዴት አንዳችንም ምን እንደምንመስል ሳይታየን ቀረ?

ቀኑ ቅዳሜ፣ ገበያ ነው። አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ስለ ጊዜ ጉዞ የጻፈውን እያነበበ ሳለ ከውጭ «ወየው! ወየው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዘንገና በኩል ወደ ገበያ የሚያልፉ አምስት ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች ድንኳኑን አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። አንባቢው አፉን ከፍቶ ቀረ። የጫግኒው ልጅ፣ ሮቦት ሆኖ የመጣው፣ ለቅሶኛ ሲገባ እንደሚደረገው ብድግ አለ፣ ከዚያም ለአክብሮት የሮቦት ጭንቅላቱን አወለቀ። ፎቶውን ያኔ ማን እንዳነሳው አላውቅም።

ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ያስወጣል? መምህር ጌትነት በየተራ ጨብጠው አስቀመጧቸው። ሮቦቱ ንፍሮ አዞረ። እንባው ጋብ ሲል መምህሩ ከሁሉም በዕድሜ ትልቅ ወደሆኑት ሴት ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሞተ ሰው የለም።»

«እሰይ!» አሉ ሴትዮዋ። ደግሞ ዞር ዞር ብለው ድንኳኑን ቃኙ። «ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?»

«ስለሚመጣው ዘመን ታሪክ የምናነብ ሰዎች ነን።»

ሴትዮዋ ሮቦቱን ከእግር እስከ አንገቱ አዩት። «በሉ እንግዲህ፣ እግራችን ዝሏል፣ ከተቀመጥን አይቀር እንሰማለን» አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ስሜ ተጠራ።

እናቴ ከኋላ፣ ከእኒያ ሴቶች ጋር ተቀላቅላ ተቀምጣለች። እሷ የገጠር ልጅ ናት፤ አገውኛ አፏን የፈታችበት ነው። እኔ መናገር ያቅተኛል እንጂ ጥሩ አድርጌ እሰማለሁ። ማንበብ ስጀምር ትልቋ ሴትዮ «ምን ትላለች?» ብለው በአገውኛ ሲጠይቋት ሰማሁ። የመጽሐፍ አማርኛ ፈጥኖባቸዋል። እናቴም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትተረጉምላቸው ጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ፣ አንድ እሷ።

ሰውዬው ጫማውን ሲያስር እንደሚያፏጭ አነበብሁ። ተረጎመች። ድንች ከነልጣጩ እንደሚበላ፣ እናቱም በዚህ እንደምትቆጣው አነበብሁ። እዚህ ላይ ትርጉሙ ተቋረጠ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። እያየችኝም ተረጎመችው። ከዚያ በኋላ ስለማን እንደማወራ በመካከላችን የተደበቀ ነገር አልነበረም። መልእክቱ የተቋረጠበት ጋ ስደርስ የደብተሩ ገጽ አለቀ። ሁለቱ ወረቀቶች እጄ ላይ ናቸው።

እውነቱን ልናገር። ለወንድሜ ላለቅስ የጻፍሁትን ወረቀት ከሥር አደረግሁት። አልቻልሁም። ሌላውን አንስቼ፣ መንኮራኩሩ ዘንገና ዳር ማረፉን፣ በሩ መከፈቱን፣ ሰውዬው እያፏጨ መውረዱን አነበብሁ። «ተመለሰ» ብዬ ጨረስሁ።

ሴቶቹ አፍ አፏን እያዩ ይጠብቃሉ። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ አዘቀዘቀችው። ከዚያ በአገውኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አልተመለሰም» አለቻቸው። «ውኃ በላው። ልጄ ነው።»

ትልቋ ሴትዮ ደረታቸውን መቱ። የፊተኛው ለቅሶ የደንብ ነበር፤ ይኼኛው ሌላ ነው። አምስቱም እናቴን ከበው አለቀሱ፣ ስሙን ጠየቋትና በስሙ ጠርተው አለቀሱለት። እናቴ አንድ ዓመት ተኩል ያፈነችውን ሁሉ እዚያ የማታውቃቸው ሰዎች መካከል አወጣችው። አማርኛውን ብቻ የሰሙት የባሕር ዳር ልጆች ግራ ገባቸው፤ ሰውዬው በሰላም ተመልሶ ለምን ይለቀሳል? ሮቦቱ ግን አገውኛ ያውቅ ኖሯል፣ መሬት መሬት እያየ ቆመ። እኔ ወረቀቶቼን ጥዬ እናቴ እግር ሥር ተደፋሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው «እግዜር ያጥናሽ» አሏት፣ ከዚያም ለእኔ። ያን ቃል በይበልጣል ስም ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ሕመሙም እፎይታውም አንድ ላይ መጣብኝ።

በሚኒባሱ ስንመለስ እናቴ፣ ዳንግላ ልንገባ ስንል «እነዚያን የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ነገ ጥሪያቸው» አለችኝ። «ማለዳ ይምጡ። እከፍትላቸዋለሁ።» መጡ፣ ከፈተችላቸው፣ በደንቡ ነገሯት፣ ሰፈሩም ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን መምህር ጌትነት የጉባኤውን ሰዎች በሚኒባስ ሞልተው ከተፍ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉባኤ ሄጃለሁ፣ ብዙም ጽፌያለሁ። ሰው ግን ታሪኮችሽ ለምን ሁልጊዜ በመመለስ ያልቃሉ ይለኛል። ለዓመታት ያን ቀን ‹ተመለሰ› ብዬ በማንበቤ ለእናቴ የራራሁላት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን መሸከም የነበረብኝን ቃል በገዛ አፏ እንድታወጣው እንደተውኋት ገባኝና አፈርሁ። እናቴ አሁን አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፣ አዲስ ነገር ስጽፍ አነብላታለሁ። በቀደም አንብቤላት ስጨርስ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋት።

«እማ፣ ያን ቀን እኔ ተመለሰ ብዬ ሳነብ ለምን አልተመለሰም ብለሽ ተረጎምሽ? እኔን ልታርሚ ነው?»

«ምን ላርምሽ!» አለችኝ። «በአማርኛው አንቺ መልሰሽልኛል። በአገውኛው እኔ ቀበርሁት። ሁለቱም ይኑሩኝ ብዬ ነው።»