ለእንግዳው የተረጨ ውሃ

አጎቴ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የጅግጅጋን አቧራ በሙሉ በባልዲ ውሃ የሚያስተኛ ሰው ነበር። አጥኚዎች ግቢያችን ውስጥ የአየር ብክለት መለኪያ ሲተክሉ ደግሞ ባሰበት፤ መሣሪያውንም እንግዳ ብሎት ጠዋት ማታ ዙሪያውን ይረጭለት ጀመር።

"አባባ፣ እባክዎ አይርጩ" አለው ወጣቱ ተመራማሪ። "እኛ የምንፈልገው ሰው የሚተነፍሰውን አየር እንዳለ ነው።"

"ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ በእንግዳ ፊት ገመናዬን ላውጣ?"

ጥናቱን ታበላሻለህ ብንለውም ባልዲውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልጣለም።

ከቀብሩ በኋላ ተመራማሪው ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ መሣሪያው ሰሞኑን ብዙ አቧራ እያሳየ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ምን ተለወጠ?"



"የሚረጨው ሰው አረፈ" አልኩት።

 ማወቅ አማረኝና ጠየቅኩት፤

"ለመሆኑ ብቻውን ስንቱን አቧራ ይዞልን ኖሯል?"