ከግድግዳው ማዶ እንብላ ሲሉኝ

ሰሞኑን አነስ ያለ የኪራይ ቤት ፍለጋ አዲስ አበባን ከደላላ ጋር ስዞር፣ አንድ ግቢ ውስጥ በኮምፔንሳቶ ለሁለት የተከፈለ ቤት አሳየኝ። ኮምፔንሳቶው ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ቀርቷልና ማዶ የሚቁላላው ሽንኩርትና በርበሬ ሽታ ከነጨዋታው ይመጣል። ደላላው አፍሮ «ይሄን እናስደፍነዋለን፣ ጋሼ» አለኝ። እኔ ግን አልሰማሁትም፤ ያ ሽታ ይዞኝ ፍኖተ ሰላም ገብቷል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራይቼ ወደኖርሁበት ቤት።

የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። በፈረስ ቤት ከተማ በኩል ካለው መንደራችን ሰባተኛ ክፍል ልማር ወደ ፍኖተ ሰላም ስወርድ ገና ጢም የሌለኝ ልጅ ነበርሁ። አባቴ ስንቄን በአህያ ጭኖ አመጣና፣ እትዬ ብርቄ ከሚባሉ ባላቸው ከሞቱባቸው ሴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶልኝ በማግስቱ ተመለሰ። ለእኔ ፍኖተ ሰላም ትልቅ ከተማ ነበረች፤ የመኪና ጡሩምባ የሚሰማባት፣ ሰው ከሰው ሰላም ሳይባባል የሚተላለፍባት። አልጋዬ መደብ፣ ዕቃዬ አንዲት ድስትና ኩራዝ፣ ምግቤ እናቴ ያደረቀችው ድርቆሽ ነበር። ወንድ ልጅ ወጥ ሲሠራ መታየቱ ነውር ነው እየተባልሁ ስላደግሁ ሽሮዬን በሬን ዘግቼ ነበር የማማስለው፤ ጭሱ ግን በበሩ ሥር ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ ያሳጣኝ ነበር።

እናቴ ስትሸኘኝ አንድ ነገር መክራኛለች። «ሰው ቤት እንብላ ቢሉህ ባንድ ቃል ዘው እንዳትል። የራበው ልጅ ይሉሃል። በሞቴ እስኪሉህ ቆይ።» በአገራችን ደንቡ ይኸው ነው፤ አንዴ ሲጠሩህ «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለህ፣ ሲደግሙህ ትግደረደራለህ፣ ሦስተኛው ላይ «በሞቴ!» ይሉህና እየተጎተትህ ገብተህ ገበታውን ጥርግ አድርገህ ትነሳለህ። የመጀመሪያውን «ጠግቤያለሁ» እውነት ብሎ የሚወስድ ሰው አላውቅም ነበር።

በእኔና በባለቤቶቹ መካከል የነበረው ግድግዳ በቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ሆኖ ጣሪያ አይደርስም። ማታ እትዬ ብርቄና ልጃቸው ይታይሽ ገበታ ሲቀርቡ «ልጄ፣ እንብላ!» የሚለው ድምፅ በግድግዳው አናት ይመጣል። እኔም ድርቆሼን በውኃ እያራስሁ፣ በጨዋ ልጅ አፍ «ብሉ እትዬ፣ እኔ በላሁ» እላለሁ። ከዚያ ጆሮዬን አቁሜ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። ሁለተኛው አይመጣም። የከተማ ሰው የሚጠራው አንዴ ነው፤ በላሁ ካልህ በልተሃል። ይታይሽ ስትስቅ፣ እናቷ «አንቺ፣ ቀስ ብለሽ ዋጪ» ሲሏት፣ መሶቡ ሲከደን ሁሉ እሰማለሁ። ምግቡስ ይቅር፤ እኔን የራበኝ እነሱ መሃል መቀመጥ ነበር። ከቤቴ ወጥቼ ከማላውቀው ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስኖር እንደዚያ ብቸኛ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንዳንድ ማታ ድምፄ እንዳይሻገር አፌን በጋቢዬ አፍኜ አለቅስ ነበር።

የኅዳር ብርድ ሲገባ ቆረጥሁ። ዛሬ ሲጠሩኝ፣ እናቴም ይቅር ትበለኝ፣ «እሺ» ብዬ እነሳለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬን ታጠብሁ፣ የተሻለች እጀ ጠባቤን ለበስሁ፣ ሽሮዬንም ሳልጥድ በሬ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ማዶ እጃቸውን ሲታጠቡ ሰማሁ። ገበታው ሲባረክ ሰማሁ። ከዚያ ይታይሽ አፏ ጉርሻ እንደሞላ «እማዬ፣ ተከራዩን ሳትጠሪው?» አለች።

«ተይው ልጄ» አሉ እናቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኛን አይወድም መሰለኝ። ስንት ቀን ልለምነው? እሱንም አስጨነቅሁት።»

«እሺ» የምትለው ቃል አፌ ውስጥ እንዳለች ሄጄ መደቤ ላይ ተቀመጥሁ። ሳይጠሩኝ መግባት እንኳን ለእኔ ለደፋሩም ልጅ የሚሞከር አልነበረም። ከዚያ ማታ ወዲህ ማንም እንብላ አላለኝም። ጠዋት ጠዋት እትዬ ብርቄ እንዴት አደርህ ይሉኛል፣ እኔም ጎንበስ ብዬ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ እንዲሁ ሆነን ስምንተኛ ክፍልን እስክጨርስ ኖርን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ወደ ቡሬ ሳልፍ ፍኖተ ሰላም ላይ ከመኪና ወረድሁ። ቤቱ እንዳለ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ግን ካረፉ ቆይተዋል። የልጆች እናት የሆነችው ይታይሽ ስሜን ስነግራት አላስታወሰችኝም፤ ትንሽ ቆይታ ግን «እረግ! ያ የማይበላው ልጅ?» ብላ አቀፈችኝ። የእናቴን ምክር፣ በር ሥር ቆሜ የጠበቅሁበትን ማታ ሁሉ ነገርኋት። መጀመሪያ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«እማዬ እስክትሞት ስታነሳህ ነበር» አለችኝ። «ያ ልጅ ምን አይቶብን ይሆን የተጸየፈን እያለች።»

ገበታ አቀረበች። እንብላ ስትለኝ ቃሉን ሳላስጨርሳት እጄን ሰደድሁ። ስትጨምርልኝ ያንንም በላሁ፤ ልጆቿ የእንግዳው አበላል ገርሟቸው እርስ በርስ ተያዩ። እንዲያዩልኝ የፈለግሁት ግን እትዬ ብርቄ ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የከፋኝ መስሎኝ ስኖር፣ ለካ ከግድግዳው ማዶም የከፋው ሰው ነበር።