ቀዩ ማስቲሽ

የሆስፒታሉን ግቢ ሣር የሚያጭደውን ትንሽ ትራክተር የሚጠግነው መካኒክ «ጠብ አይልም» የሚል ቅጽል ስም አለው። ያወጣለት ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ የገዛ አፉ ነው። የሞተር ክዳን በዘጋ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ «እኔ ያሸግኩት ጠብ አይልም!» ይላል። የሚያሽገው በማስቲሽ ነው፤ ሌላው መካኒክ ጥቁሩን ሲቀባ እሱ ቀዩን ብቻ፣ ያውም ሳይሰስት። አንዴ የዘጋውን ደግሞ መልሶ አይከፍትም። «ያሸግኩትን ብከፍት ራሴን ጠረጠርኩ ማለት አይደል?» ይላል። ምነው በጠረጠርክ ኖሮ!

ትራክተሩ ዘይት ማፍሰስ የጀመረው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ከሥር ያንጠባጥባል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ትንሽ ዳገት ሲያይ ይንተፋተፋል። መካኒኩ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን የሞተር ጎማዎች ሦስት ጊዜ ቀየረ። ካንዴላውን ፈትቶ ቢያይ በዘይት ርሷል፤ ጠርጎ መለሰው። በማግስቱ ያው በገሌ።

ያኔ የትራክተሩ ሾፌር የመካኒኩ ሚስት ታላቅ ወንድም ነበሩ። እሷ ጋሼ ስለምትላቸው እሱም ጋሼ ይላቸዋል። ወላጆቿ ሲሞቱ አሳድገው ለእሱ የዳሯት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ለሞተር ይሳሳሉ፤ ዘይት ሲጨምሩ «አይነፈግም» እያሉ ከምልክቱ ትንሽ ያሳልፋሉ። አንድ ቀን መጥተው፣

«ልጄ፣ ይሄ ሞተር የታፈነ ይመስለኛል። ከላይ ያለችውን ቀጭን ቱቦ በአፌ ብነፋት አየር አታሳልፍም» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሣርዎን ይጨዱ፤ ሞተሩን ለኔ ይተዉት!» አላቸው። ሰው ፊት ነበር፤ ተሳቀባቸው።

ብዙም ሳይቆይ አለቆች መጥተው ጠየቁ። አንድ ጥፋተኛ መገኘት ነበረበትና መካኒኩ «ሾፌሩ ዘይት እያበዛ ገደለው» አለ። ጋሼ ከትራክተሩ ወረዱ። ሃምሳን ካለፉ በኋላ ዶማና የእጅ ጋሪ ተሰጣቸው። ወገባቸው ጎበጠ፣ መዳፋቸው ተሰነጣጠቀ፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ ግን «እኔ አላበላሸሁትም» ከማለት አልቦዘኑም። የቀረቻቸው ሀብት ይህች ቃል ነበረች። ትራክተሩም እሳቸው ከወረዱ በኋላ ማፍሰሱን አልተወም፤ ቢሆንም ጠብ አይልም መልስ አያጣም፤ «አንዴ ገድለውታል፣ ምን ላድርግ!» ይላል።

በዚህ ሳምንት አዲሱ የግቢ ኃላፊ ቁርጡን ነገረው። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ትራክተሩ ይሸጣል፤ አንተም ዘበኛ ትሆናለህ።»

እስከ ሐሙስ ድረስ ያልፈታው ብሎን አልቀረም። የቀረው ከላይ ያለው ትንሹ ክዳን ነው፤ ራሱ ያሸገው። እያቅማማ ፈታው። ጋሼ የነፏት ቱቦ የምትነሳባት፣ ሞተሩ የሚተነፍስባት ቀዳዳ በደረቀ ቀይ ማስቲሽ ተደፍናለች። በካቻቢቴ ጫር ቢያደርገው ባቄላ የሚያህል ቁራጭ ወጣ። ለካ ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በየስንጥቁ እየገፋ ሲያስተፋው ኖሯል! ቀይ ማስቲሽ የሚቀባ በግቢው ከእሱ በቀር ማን አለ? ሳጥን ላይ ዘጭ ብሎ ቀረ። አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ፈራ።

ዓርብ ጠዋት ቀዳዳዋን አጽድቶ፣ የዘይት ጎማዎቹን ቀይሮ ሞተሩን አስነሳው። ጭስ የለ፣ መንተፋተፍ የለ፤ ከሥር ያነጠፈው ካርቶን ደረቅ ነው። ሠራተኛው «እጅህ ይባረክ!» እያለ ከበበው። ጋሼም ጋሪያቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ኃላፊው መጣ።

«ምን ሆኖ ነው? የድሮው ሾፌር ዘይት አብዝተውበት ነው የሚሉት እውነት ነው?»

ተናገር እንጂ አንተ ሰው! ያሳደጉልህን ሴት አግብተህ፣ ዐይናቸው ዐይንህ ላይ ነው። ባቄላ የምታህለው የማስቲሽ ቁራጭም ኪስህ ውስጥ ናት።

«አዎ» አለ። «የዘይት ብዛት ነው። አሁን ልኩን አስያዝኩት።»

ጋሼ ጋሪያቸውን አንስተው ሄዱ። እሱም ቀኑን ሙሉ «ቆይ፣ ሰኞ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ» እያለ ራሱን ሲሸነግል ዋለ።

ማታ ቤት ሲገባ የሚስቱ ዐይን ቀልቷል።

«ጋሼ መጥቶ ነበር» አለችው። «እንደ ሕፃን አልቅሶ ሄደ።»

«ምን ሆነው?»

«‹ስድስት ዓመት አላጠፋሁም እያልኩ ባልሽን በየሰዉ ፊት ሳማው ኖርኩ። ለካ እውነትም እኔው ነኝ! ይኸው ዘይቱን ልኩን ቢያስይዘው ዳነ። ይቅር በለኝ ብሏል በይልኝ› አለ።»

እጁ ኪሱ ውስጥ የማስቲሹን ቁራጭ ጨብጧል። አላወጣውም።

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ! ‹አይዞህ ጋሼ፣ ባሌ ቂም አያውቅም› አልኩት።»